ከበቆሎ የተሠራው የስልክ ማቆሚያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመኪናዬ የሚሆን አንድ ትንሽ የስልክ ማቆሚያ ነድፌ በስሪ ዲ ፕሪንተር አትሜ ነበር። ፕሪንተሩ አቅልጦ የሚደራርበው፣ የተጠቀምኩበት ክር ፒኤልኤ የሚባለው፣ ከበቆሎ ስታርች በሚገኝ ላክቲክ አሲድ የሚሠራው የፕላስቲክ ዓይነት ሲሆን፣ በመጠቅለያው ላይ «ከዕፅዋት የተገኘ፣ ሊበሰብስ የሚችል» የሚል ጽሑፍ በአረንጓዴ ቀለም ታትሞበት ነበር። ጽሑፉ ከልቤ ደስ አሰኘኝ። በንድፍ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት የነደፍኳቸው የፕላስቲክ ዕቃዎች ሁሉ መነሻቸው ድፍድፍ ነዳጅ ስለነበር፣ በመጨረሻ ከማሳ የመጣ ነገር እጄ እንደገባ ተሰማኝ። ማቆሚያውን ከፊተኛው መስታወት ሥር አስቀምጬ፣ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁሜ ወደ ጉዳዬ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ሁለቱ ክንዶቹ ወደ ፊት አጎንብሰው፣ ወገቡም ተጣሞ፣ ስልክ ቀርቶ ወረቀት የማይሸከም ሆኖ አገኘሁት።

ጥፋቱ የቁሱ አልነበረም። ፒኤልኤ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ደረቅ ጥንካሬውን ትቶ ወደ ልስላሴ ይሸጋገራል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና መስታወት ሥር ያለው ገጽ ደግሞ ከዚያ በላይ መሞቁ የተለመደ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ቁሱን ለዚያ ቦታ አይመርጥም። እኔ ግን ከየት እንደመጣ ብቻ ጠይቄ፣ የት እንደሚውል ሳልጠይቅ ቀረሁ። የተጣመመውን ማቆሚያ መጣል ስላልሆነልኝ፣ «ሊበሰብስ የሚችል» የተባለውን ቃል ለመፈተን በግቢው ጥግ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ለማነጻጸርም ከጎኑ አንድ ቁራጭ ካርቶንና ምንም ያልተቀባ የእንጨት ቁራጭ አብሬ ቀበርኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቦታውን ስቆፍር ከካርቶኑ ዱካው እንኳ አልተገኘም። እንጨቱ ጠቁሮና ርሶ ነበር፤ በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ ስፖንጅ ሰረጎደ። ማቆሚያው ግን አፈሩን ሳጥብለት ልክ እንደቀበርኩት ሆኖ ወጣ። ፕሪንተሩ እየደራረበ የጣላቸው ስስ መስመሮች በጥፍር ሲዳሰሱ አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር፤ ከሥሩ የቀረጽኩት ቀንም ያለ ችግር ይነበባል።

ምክንያቱን ለመረዳት የፒኤልኤን አበሰባበስ ማወቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ውኃ ወደ ቁሱ ውስጥ ሰርጎ ረጃጅሞቹን የሞለኪውል ሰንሰለቶች ይቆራርጣል፤ ረቂቅ ተሕዋስያን በሚገባ ሊመገቧቸው የሚችሉት ሰንሰለቶቹ ካጠሩ በኋላ ነው። ውኃው ይህን ሥራ በፍጥነት የሚሠራው ደግሞ ሰንሰለቶቹ ላላ ብለው መንቀሳቀስ ሲጀምሩ፣ ማለትም ሙቀቱ ወደዚያው ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። የኢንዱስትሪ ብስባሽ የሚያዘጋጁ ተቋማት ክምራቸውን አሙቀው የሚያቆዩት፣ ቤተ ሙከራዎችም ፍተሻውን 58 ዲግሪ አካባቢ የሚያካሂዱት ለዚህ ነው። ኢኤን 13432 የተባለው የአውሮፓ መለኪያ አንድ መጠቅለያ ሊበሰብስ ይችላል ተብሎ እንዲጻፍበት፣ በ12 ሳምንት ውስጥ ተሰባብሮ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ላይ የሚቀረው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ በ6 ወር ውስጥ ደግሞ 90 በመቶው በረቂቅ ተሕዋስያን ተበልቶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲለወጥ ይጠይቃል። የሚጠይቀው ግን በዚያ ሙቀትና በዚያ እርጥበት ውስጥ ነው። የግቢዬ አፈር ወደዚያ ሙቀት ከቶ አይቀርብም። ማቆሚያዬ መኪና ውስጥ መቋቋም ያቃተው ሙቀትና አፈር ውስጥ ያጣው ሙቀት አንድና ያው መሆኑን ስረዳ ለረጅም ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ይህ የአንድ ዕቃ አጋጣሚ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አልጽፈውም ነበር። ከዚያ በኋላ ከዕፅዋት፣ ከእንስሳት ወይም ከረቂቅ ተሕዋስያን በሚገኙ ቁሶች በሠራሁ ቁጥር ያው ጉዳይ በሌላ መልክ ገጥሞኛል። ዕቃው በሚያገለግልበት ዘመን ውኃን፣ ሙቀትንና ሻጋታን እንዲቋቋም እንፈልጋለን፤ አገልግሎቱን ሲጨርስ ደግሞ በእነዚያው በውኃ፣ በሙቀትና በሻጋታ ፈርሶ እንዲመለስ እንፈልጋለን። ፒኤልኤን በሙቀት አክሞ ሞለኪውሎቹ ይበልጥ ተደራጅተው እንዲደድሩ ማድረግ ይቻላል፤ ያን ጊዜ ሙቀትን የተሻለ ይቋቋማል፤ በዚያው ልክ ግን ውኃ የሚገባበት መንገድ ይጠብና መበስበሱ ይዘገያል። አንዱን ስንገዛ ሌላውን እንሸጣለን።

«ባዮ» የምትለው አጭር ቃል ይህን ሁሉ ትሸፍነዋለች። ቁሱ ከየት መጣ የሚለውና ወዴት ይሄዳል የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ሆነው ሳለ፣ በዚህች ቃል ውስጥ አንድ ላይ ተጠቅልለው ይቀርባሉ። ብራስኬም የተባለው የብራዚል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከሸንኮራ አገዳ በሚገኝ ኤታኖል ፖሊኤቲሊን የተባለውን የተለመደ የፕላስቲክ ዓይነት በብዛት ያመርታል። መነሻው አገዳ ይሁን እንጂ ውጤቱ በኬሚካዊ ቅንብሩ ከነዳጅ ከሚገኘው ፖሊኤቲሊን ጋር አንድ ነው፤ እንደዚያኛው አይበሰብስም፤ እንደዚያኛውም ቀደም ሲል በተዘረጋው መልሶ የመጠቀሚያ መስመር ውስጥ ያለ ችግር ያልፋል። በአንጻሩ ፒቢኤቲ የሚባለው ፕላስቲክ በአብዛኛው ከነዳጅ የሚሠራ ሆኖ ሳለ ረቂቅ ተሕዋስያን ያፈርሱታል። የአገዳውን ፖሊኤቲሊን ከነዳጁ የሚለየው የካርቦን 14 ምርመራ ብቻ ነው። የካርቦን 14 መጠን በየ5,730 ዓመቱ ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ለሚሊዮኖች ዓመታት ተቀብሮ በኖረ ነዳጅ ውስጥ ከቶ አይገኝም፤ በቅርቡ ከታጨደ አገዳ ውስጥ ግን አለ። የጥንት አጥንትና ከሰል ዕድሜ የሚለካበት ያው ጥበብ የአንድን ጠርሙስ ትውልድ መመስከሩ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ለእኔ ከሁለቱ ጥያቄዎች የሚቀድመው ሁለተኛው ነው። ተመልሶ የሚሰበሰብ፣ ታጥቦ ወይም ቀልጦ ዳግም የሚያገለግል ዕቃ ከሆነ፣ የማይበሰብሰው የአገዳ ፖሊኤቲሊን ከፒኤልኤ የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ በውኃ ጠርሙሶች ክምር ውስጥ የገባ ጥቂት ፒኤልኤ የሚቀልጥበት ሙቀት ስለሚለይ የቀሪውን ጥራት ያበላሻል። አፈር ውስጥ ሊቀር የታሰበ ነገር ከሆነ፣ ለምሳሌ የችግኝ ማሰሪያ ወይም ማሳ ላይ የሚነጠፍ ስስ ላስቲክ፣ በዚያው አፈር፣ በዚያው ቅዝቃዜ የሚበሰብስ ቁስ ያስፈልገዋል። ባክቴሪያዎች ስብን እንደምናከማች ሁሉ በሰውነታቸው የሚያከማቹት ፒኤችቢ የተባለው ቁስ እንዲህ ላለው ጉዳይ ይስማማል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሞሪስ ሌምዋኝ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው፤ ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ እስካሁን በስፋት ያልተሠራጨው በዋናነት ዋጋው ስለሚወደድ ነው።

ታዳሽ ቁስ የዘመናችን ግኝት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይሁንና ሙሉ በሙሉ በኬሚካል ቅንብር የተገኘው የመጀመሪያው ፕላስቲክ፣ የሊዮ ቤክላንድ ቤክላይት፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ከመገኘቱ በፊት የነበሩት ፕላስቲኮች መነሻቸው ሕያዋን ነገሮች ነበሩ። ጆን ዌስሊ ሃያት እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጨረሻ በቢሊያርድ ኳስ የዝሆን ጥርስን የሚተካ ነገር ሲፈልግ ያዳበረው ሴሉሎይድ፣ በናይትሪክ አሲድ ከታከመ የዕፅዋት ሴሉሎስና ከካምፎር የሚሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 ደግሞ ከወተት ፕሮቲን የሚሠራው ጋላሊት የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ ስሙ ወተትና ድንጋይ ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገጠመ ነው። ለአሥርተ ዓመታት የልብስ ቁልፍ፣ ማበጠሪያና የብዕር እጀታ ተሠርቶበታል።

ይህን ቁስ ከማንበብ ይልቅ በእጄ ልሞክረው ብዬ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግማሽ ሊትር ወተት ጣድኩ። ሳይፈላ እንፋሎቱ መውጣት ሲጀምር አቸቶ ጨመርኩበት፤ ወዲያው ነጩ ከውኃው ተለየ። በጨርቅ አጥልዬ አጥብቄ ጨመቅኩት፣ እንደ ሊጥ አሸሁት፣ በትንሽ የእንጨት ፎርማ ጠቅጥቄም አራት ክብ ቁልፎች አወጣሁ። በመጀመሪያው ቀን ለስላሳና ነጭ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ወደ ቢጫነት አዘንብለው የቀንድ መልክ ያዙ፤ በጥፍር ሲመቱም ጠንከር ያለ ድምፅ ሰጡ። በአምስተኛው ቀን ሁለቱ ከጠርዛቸው ተሰነጠቁ፤ ሌሎቹ ሁለቱ እንደ ደረቀ ቅጠል ወደ ላይ ተጠቀለሉ፤ አራቱም ከፎርማው በግልጽ አንሰው ነበር። ላይኛው ገጻቸው ለአየር ተጋልጦ ፈጥኖ ሲደርቅ፣ የታችኛው ገጽ መደርደሪያው ላይ ተኝቶ እርጥበቱን ይዞ ቆይቷል። በሁለተኛው ሙከራ በቀን ሁለት ጊዜ ገለበጥኳቸው፤ በሁለት ጣውላዎች መካከልም አስገብቼ ክብደት ጫንኩባቸው። ቀጥ ብለው ደረቁ። በቁሱ ላይ ምንም አልጨመርኩም፤ የለወጥኩት አደራረቁን ብቻ ነበር።

ከቀጥተኞቹ አንዱን በብርጭቆ ውኃ ውስጥ አሳድሬው ጠዋት ሳወጣው አብጦና ለስልሶ አገኘሁት። የጋላሊት አምራቾች ይህን ችግር የፈቱት ቁሱን እንደ ውፍረቱ ለሳምንታት ወይም ለወራት በፎርማሊን፣ ማለትም በውኃ በተበጠበጠ ፎርማልዲሃይድ፣ በመዘፍዘፍ ነበር። ፎርማልዲሃይድ ደግሞ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ኬሚካል ነው። የዋህ ከሆነው ወተት ተነስቶ ውኃን ወደሚቋቋም ቁልፍ የሚወስደው መንገድ በዚያ ያልፋል።

ከዚህ የደረስኩበት አቋም፣ ንድፍ ነዳፊ ከታዳሽ ቁስ ጋር ሲሠራ ከኬሚካል የሚጠብቀውን ነገር አስቀድሞ ከቅርጽ መጠየቅ አለበት የሚል ነው። ውኃ የማይገባው ቁስ ከመፈለግ በፊት ውኃው ወደ ቁሱ እንዳይደርስ አድርጎ መንደፍ ይቻላልን? ቁሱ እንዳያብጥ በሙጫ ከማነቅ በፊት የሚያብጥበት ክፍተት መተው ይቻላልን? ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት አናጺዎች ናቸው።

እንጨት ከእርጥብነቱ እስከ ፍጹም ድርቀቱ ሲደርስ ክሮቹ በተዘረጉበት በርዝመቱ አቅጣጫ የሚያጥረው 0.1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከግንዱ መሐል ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ 4 በመቶ ያህል፣ የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ በሚዞረው አቅጣጫ ደግሞ 8 በመቶ ያህል ይጠባል፤ ቁጥሮቹ እንደ ዛፉ ዓይነት ይለያያሉ። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጠረጴዛ ገጽ እርጥበቱ ከ12 ወደ 6 በመቶ ሲወርድ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ሊጠብ ይችላል ማለት ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለ ገጽ ክሮቹን አቋርጦ በወርዱ ከተጋደመ ዱላ ጋር በኮላና በብሎን ጥርቅም አድርጌ አያይዤ ነበር። በደረቁ ወራት መሐሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ የታየኝ መፍትሔ ይበልጥ ጠንካራ ኮላ ነበር። አንድ ሽማግሌ አናጺ ግን ጠረጴዛውን ገልብጠው ካዩት በኋላ የመሐሉን ብሎን ብቻ በቦታው ትተው፣ የዳርና የዳሩን ብሎኖች ቀዳዳ በሞላላ አሰፉልኝ፤ «ይተንፍስ፣ አትነቀው» አሉኝ። እስከ ዛሬ አልተሰነጠቀም። በኋላ የእግሮቹን ጫፍ በትንንሽ የቡሽ ቁራጮች ከወለሉ ከፍ አደረግኳቸው፤ እንጨት ውኃ የሚጠጣው ከሁሉ ይልቅ በተቆረጠው ጫፉ ነውና፣ ያቺ ትንሽ ከፍታ ወለሉ በታጠበ ቁጥር እንጨቱን ከመራስ ታድነዋለች። ጠረጴዛው አሁን የሚያስፈልገው ቀለም አነስተኛ ነው፤ አንድ ቀን ሲፈርስም ብሎኖቹ ወጥተው እንጨቱ እንጨት ሆኖ ይቀራል።

ይህ መንገድ ሲረሳ ምን እንደሚከተል ለማየት የቀርከሃ ኩባያዎችን ታሪክ መመልከት ይበቃል። በየመደብሩ «ከቀርከሃ የተሠራ» እየተባሉ የተሸጡት ብዙዎቹ ኩባያዎችና ሳህኖች በእርግጥ የቀርከሃ ዱቄት የተቀላቀለበት ሜላሚን ናቸው፤ ሜላሚን ደግሞ ከፎርማልዲሃይድ ጋር የሚቀናበር ፕላስቲክ ነው። ዱቄቱ ፕላስቲኩን ያዳክመዋል፤ ትኩስ መጠጥ ሲፈስበት ፎርማልዲሃይድና ሜላሚን ከተፈቀደው በላይ ወደ መጠጡ ሊያልፉ እንደሚችሉ በምርመራ ተደርሶበት፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 እነዚህን ዕቃዎች ከገበያ ለማስወጣት የጋራ ዘመቻ አካሂዷል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የዕቃው መጨረሻ ነው። ቀርከሃው በፕላስቲክ ታስሮ ስለሚቀር አይበሰብስም፤ ሜላሚኑም ዳግመኛ የሚቀልጥ ዓይነት ስላልሆነ ተመልሶ አይሠራም። ሁለት ደግ ቁሶች ሊነጣጠሉ በማይችሉበት ሁኔታ ሲጋቡ የሁለቱም መመለሻ ይዘጋል። በአንጻሩ ጥሬ ቀርከሃ፣ እንደ ተፈጥሮው ክፍት ቱቦ ሆኖ፣ ከዝናብ ተጠልሎና ከመሬት ከፍ ብሎ ሲሠራበት ለዓመታት ያገለግላል።

ያለ ነዳጅ ረጅም ዕድሜ አይገኝም የሚሉኝን ሰዎች ወደ ሊኖሊየም እጠቁማቸዋለሁ። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዋልተን እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ የፈጠራ መብት ያገኘበት ይህ የወለል ንጣፍ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ከጠነከረ የተልባ ዘይት፣ ከጥድ ሙጫ፣ ከቡሽና ከእንጨት ዱቄት ተቀናብሮ በጁት ጨርቅ ላይ የሚጋገር ነው። በትምህርት ቤቶችና በሆስፒታሎች ኮሪደር ላይ ለአሥርተ ዓመታት እየተረገጠ ኖሯል፤ ዛሬም ይመረታል። ዘይቱ ቀስ በቀስ መጠንከሩን ስለሚቀጥል ቁሱ ከዕድሜ ጋር ይበረታል። እዚህ ላይ ስለ ተልባ ዘይት አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ከተፈጥሮ የመጣ ሁሉ ጉዳት የለውም ብለው የሚያስቡ አሉና። በዘይቱ የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲጣል፣ ዘይቱ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ የሚፈጥረው ሙቀት መውጫ አጥቶ ጨርቁን በራሱ ሊያቀጣጥለው ይችላል። ከሥራ በኋላ ጨርቁን ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ መንከር ግዴታ ነው።

ስለ ጊዜም ልናገር። ታዳሽ የሚለው ቃል ትርጉም የሚኖረው የምንወስድበት ፍጥነት ቁሱ ከሚተካበት ፍጥነት ካልበለጠ ብቻ ነው። የቡሽ ዛፍ ቅርፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገፈፈው ዛፉ 25 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ከዚያ በኋላ በየ9 ዓመቱ ይገፈፋል፤ ለጠርሙስ መክደኛ የሚሆን ጥራት የሚገኘውም ከሦስተኛው ግፈፋ ጀምሮ ነው። ዛፉ ሳይቆረጥ ይኖራል። የፈንገስ ክር ደግሞ በገለባና በሰብል ተረፈ ምርት ላይ ተዘርቶ በሳምንት ገደማ ውስጥ ፎርማውን ይሞላል፤ ከዚያ በሙቀት እንዲደርቅ ሲደረግ ዕድገቱ ያቆምና የዕቃ ማሸጊያ ይሆናል። ለጥቂት ቀናት ጉዞ የሚያገለግል ማሸጊያ በሳምንት ከሚበቅል ነገር መሥራት ሚዛኑን የጠበቀ ነው፤ ስድሳ ዓመት የቆመን ዛፍ ግን በአንድ ሳምንት ለሚጣል ማቀፊያ ማዋል አይዋጥልኝም። አዲስ ሥራ ስጀምር በወረቀቴ ራስጌ ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን እጽፋለሁ፤ ቁሱ ለመብቀል የፈጀበትን ጊዜና ዕቃው ያገለግላል ብዬ የማስበውን ጊዜ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በእጅጉ ሲያንስ ቁሱን ወይም ንድፉን እለውጣለሁ።

የካርቦን ሒሳቡም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ስለሆነ፣ 1 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት 1.8 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ወስዶ ይዟል ማለት ነው። ይሁንና ዕቃው በተቃጠለ ወይም በበሰበሰ ጊዜ ያው ይመለሳል፤ አየር በሌለበት የቆሻሻ ክምር ውስጥ ሲበሰብስ ደግሞ ከፊሉ በሚቴን መልክ ይወጣል፤ ሚቴን ሙቀትን በማፈን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የከፋ ነው። ስለዚህ ትርፉ ያለው ዕቃው በቆየበት ዘመን ውስጥ ነው። በማሳ በኩል ደግሞ በቆሎውና አገዳው መሬት፣ ውኃና ማዳበሪያ ይፈልጋሉ፤ ለዚህም ነው ገለባን፣ ተጨምቆ የተረፈ አገዳንና የመጋዝ ዱቄትን የመሰሉ ተረፈ ምርቶችን ለቁስነት ከተዘራ ሰብል አስቀድሜ የምመለከተው።

የስልክ ማቆሚያውን ባለፈው ዓመት እንደገና ሠርቼዋለሁ። አሁን ከአንድ የተረፈ ጣውላ የተቆረጡ ሁለት ቁራጮች ናቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ በተቆረጠ ክፍተት ውስጥ ገብቶ ይቆማል፤ ኮላም ብሎንም የለውም። ክፍተቱን ከቁራጩ ውፍረት በጥቂቱ አስፍቼዋለሁ፤ በመጀመሪያ ሳጠበው በእርጥብ ወራት አልወጣ ብሎ አስቸግሮኝ ነበር። የተልባ ዘይትና የንብ ሰም ቀባሁት፤ ጨርቁንም ገመድ ላይ ዘረጋሁት። መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆም እንጨቱ ይሞቃል፣ ሰሙ ትንሽ ይሸታል፣ ቅርጹ ግን አይናወጥም። የበቆሎውን ማቆሚያ ደግሞ ካወጣሁበት ጉድጓድ መልሼ ቀብሬዋለሁ፤ አጠገቡ ያን ያረጀ የእንጨት ቁራጭ የሚተካ አዲስ ቁራጭና ከቀጥተኞቹ የወተት ቁልፎች አንዱን ጨምሬ፣ ቀኑን በማስታወሻዬ ጽፌያለሁ።